ቃል የማያልፈው አንባቢ

ጸሐፊዋ ዕድሜዋን የፈጀችው ማንም የማያነበውን በመጻፍ ነው። ግጥም እንዳይመስላችሁ፤ ግጥምማ ቢያንስ ፍቅር የያዘው ጎረምሳ ያነበዋል። እሷ የምትጽፈው መመሪያ ነበር። ማቀዝቀዣው እንዴት እንደሚተከል፣ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ፣ መብራት ሲቋረጥ የትኛው ቁልፍ እንደሚነካ። ሰዉ ካርቶኑን ይቀድዳል፣ መመሪያውን ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ይወረውራል፣ ከዚያ ዕቃው ሲበላሽበት ስልክ ደውሎ ይጮኻል። እንዲያውም አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ምግብ ቤት ስትገባ፣ ወራት የደከመችበት መመሪያ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ እግር ሥር ተወትፎ አገኘችው። አነሳችው? አላነሳችውም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ምሳዋን በላች፤ እውነቱን ለመናገር ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም።

መሥሪያ ቤቱ ማቀዝቀዣ ክፍል ይሸጣል። የወጥ ቤት ፍሪጅ አይደለም፤ የፍራፍሬ ነጋዴ፣ ሥጋ አከፋፋይ ወይም የመድኃኒት መጋዘን የሚገዛው፣ ሰው ገብቶ የሚንጎራደድበት ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ሻጮቹ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል፤ ገሚሱ ላይኛው ፎቅ፣ ገሚሱ ታችኛው ፎቅ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኢንጂነሩ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ መጥቶ ቆመ። ስሙን የሚጠራው የለም፤ "ቶሎቶሎ" ነው የሚሉት፣ ምክንያቱም አፉን ሲከፍት ሌላ ቃል አይወጣውም።

"አንድ አጭር ነገር ጻፊልኝ" አላት። "የሽያጭ መፈለጊያውን የሚያስረዳ። ቶሎ ቶሎ።"

"ለማን ነው?"

"ለኤአይ ወኪሉ።"

ብዕሯን አስቀመጠችና ቀና አለች። "ለማን አልከኝ?"

ቶሎቶሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ይህ በራሱ ብርቅ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው አላት። ሻጮቹ እያንዳንዱን ደንበኛ ኮምፒውተሩ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ያስኬዱታል፤ መጀመሪያ "የመጀመሪያ ንግግር" ላይ ይገባል፣ ቀጥሎ "ዋጋ ቀረበ"፣ ከዚያ "ድርድር"፣ መጨረሻ ላይ "ውል ተፈረመ"። ክምሩ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ማንም ሰው ተቀምጦ አያገላብጠውም። አሁን ኤአይ ወኪሉ፣ ማለትም ጥያቄ ሲጻፍለት በጽሑፍ የሚመልሰው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በዚያ ክምር ውስጥ ገብቶ የሚፈልግበት መሣሪያ ተሠርቶለታል። መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅና የሚመልሰው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚነግረው ሰው የለም።

"እሱ ስለ እኛ መሥሪያ ቤት የሚያውቀው አንቺ የጻፍሽለትን ብቻ ነው" አላት። "ጥያቄ በመጣ ቁጥር ጽሑፍሽን ከላይ እስከ ታች ያነበዋል።"

"ከላይ እስከ ታች?"

"አንድ ቃል አያልፍም።"

"ይህን ሰውዬ ቀደም ብለህ ብታስተዋውቀኝ ኖሮ አግብቼው ነበር" አለችው፤ ቶሎቶሎ ግን ለመሳቅም ጊዜ አልነበረውም፣ ሄደ።

የለመደ እጅ ነውና መጀመሪያ የጻፈችው እንደ ወትሮዋ ለብ ለብ ያለ ነበር። "ይህ መሣሪያ ሽያጮችን ለመፈለግ ያገለግላል" ብላ አንድ መስመር ጣል አደረገች። ከዚያ ወኪሉን ጠየቀችው፤ ተስፋ ያለው የፍራፍሬ ነጋዴ የትኛው ነው? ወኪሉ ምንም ሳይመርጥ ሁሉንም አመጣላት፤ የፈረመውንም፣ እንቢ ያለውንም፣ ሱቁን ሽጦ የሄደውንም። እሷም እየተነጫነጨች አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፤ "የፈረመውንና እንቢ ያለውን ተስፋ ያለው ብለህ አትቁጠር።" ያንኑ ጥያቄ ደግማ ጠየቀችው። የፈረሙት የሉም። እንቢ ያሉትም የሉም።

ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሌላ ጨመረች፤ "ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ደንበኞች ካገኘህ አትገምት፤ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ።" ከዚያ ሁለት ደንበኞች የሚጋሩትን አንድ ስም ጠርታ ጠየቀችው። ወኪሉም ወዲያው፣ "በዚህ ስም ሁለት ደንበኞች አሉ፤ አንዱ ሥጋ አከፋፋይ ነው፣ ሌላው መድኃኒት አስመጪ። የትኛውን ማለትሽ ነው?" አላት።

ሰውነቷን ውርር አደረጋት። እጇን አፏ ላይ ጭና ስክሪኑን እያየች ቆየች። ያን ሁሉ ዓመት "ጥንቃቄ" ብላ የጻፈችው፣ ከሥሩ ያሰመረችበት፣ በቀይ ያቀለመችው ሁሉ ሜዳ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ግን ከስክሪኑ ወዲያ ያለ አንድ ነገር ቃሏን አንድ በአንድ እየተቀበለ፣ እንዳለችው ያደርጋል። አንድ ቃል ስታወጣ ያ ነገር ሌላ ይሆናል፤ ስትመልሰው ይመለሳል። ደስ አላት፤ ደስታው ግን ፍርሃት ነበረበት። እንዲህ የሚያምን አንባቢ ፊት ሰው እንዴት ደፍሮ ይጽፋል? ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች፤ ጽዳት ሠራተኛዋ "ደህና ነሽ?" እስክትላት ድረስ።

ማታ ቤት ስትገባ እትዬ ሻሿን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበር። እትዬ ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት፣ አስተምራ ለወግ ያበቃቻት እሷ ናት። እዚያው መሥሪያ ቤት ታችኛው ፎቅ ላይ ሻጭ ናት፤ ለመሥሪያ ቤቱም ሰው ሁሉ እትዬ ናት።

"ሚጣ፣ ያንን የእናንተን ወኪል ሐሙስ ዕለት ስብሰባ ላይ ሊጠይቁት ነው" አለቻት። "ማን በእጁ ምን ደንበኛ እንዳለው። ሥራ አስኪያጁ ሻጭ ይቀንሳል። በእጁ ምንም የሌለው ይወጣል።"

"አንቺንማ ማን ይነካሻል?"

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከዚያ ቤት ከወጣሁ ማን በሩን ይከፍትልኛል?" አለች እትዬ። እንደ ቀልድ ነበር ያለችው፤ ግን አልሳቀችም።

በማግሥቱ ጸሐፊዋ ቢሮ እንደገባች ቀድማ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። የላይኛው ፎቅ ሰዎች ከዳር እስከ ዳር "ድርድር" ላይ ናቸው፤ መንገድ ላይ ሰላም ያላቸውን ሰው ሁሉ ድርድር ላይ ያስገቡት ይመስላል። የታችኛው ፎቅ ሰዎች ግን አንድም ሳይቀሩ "የመጀመሪያ ንግግር" ላይ ተኮልኩለዋል። ወኪሉም እንዳነበበው ተናገረ፤ "ታችኛው ፎቅ ወደ ውል የቀረበ ደንበኛ የለውም።"

ደረጃውን እየዘለለች ወረደችና ያየችውን ለእትዬ መንገር ጀመረች። እትዬ ሳታስጨርሳት እጇን ይዛ መወጣጫው ሥር አስገባቻት።

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። እርግጠኛ የሆንበትን ደንበኛ ከቦታው አናንቀሳቅሰውም" አለች በሹክሹክታ። "እናስተኛዋለን ነው የምንለው። ድሮ አለቃችን የነበረው ሰውዬ አንድ ትልቅ ደንበኛ ነገ ይፈርማል ብሎ ለቤቱ ሁሉ አወራ። ሰውየው በማግሥቱ ስልኩን አላነሳም። ከዚያ ወዲህ ፊርማው ሳይደርቅ ደንበኛ ወደ ላይ የሚያወጣ የለም። አዲስ ሻጭ ሲገባ መጀመሪያ የምናስተምረው ይህንን ነው። ወሬ ይበላዋል፣ ሚጣ።"

"እትዬ፣ እናንተ ተማርን የምትሉ ሰዎች ናችሁ?"

"ተምረናል። ግን አናወጣውም።"

ጸሐፊዋ በሳቅና በንዴት መሃል ሆነች። "የሆስፒታሉም የተኛ ነው?" አለቻት። እትዬ ዓመቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሆስፒታል ስትመላለስ እንደነበር ስክሪኑ ላይ አይታለች፤ ሌላ ደንበኛ በስሟ አልነበረም።

እትዬ ዝም አለች። ከዚያ "እሱን ተዪው" ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ጸሐፊዋም በልቧ፣ ይኼማ ከሁሉም በላይ እርግጠኛ የሆነችበት ነው፣ ስሙን ማስጠራት እንኳ ፈራች አለች።

እንግዲህ ወኪሉ ይህን ጠባይ እንዲያውቅ ሊጻፍለት ነው። "የታችኛው ፎቅ ሻጮች እርግጠኛ የሆኑበትን ደንበኛ ከመጀመሪያ ንግግር አያንቀሳቅሱም፤ ስለዚህ የእነሱን ደረጃ አይተህ አትፍረድ" ብላ ጻፈች። ታዲያ በምን ይፍረድ? "ደጋግመው የጎበኙትን ደንበኛ ሕያው ነው በል" ብላ ቀጠለችና ጠየቀችው። እትዬ ከሁሉም በላይ ወጣች፤ ሆስፒታሉ አንደኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ጸሐፊዋ ደስታዋ ጣሪያ ነካ። ትንሽ ቆይታ ግን አንድ ነገር ቆረቆራት፤ ጉብኝት እውነት ምልክት ነው? የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አማራት።

የደንበኞችን ቤት እየዞረ ማቀዝቀዣው የሚተከልበትን ቦታ የሚለካው ቴክኒሺያን አለ፤ ያው "ሜትር" ነው የሚሉት። ዕቃ ግምጃ ቤት ሳንድዊቹን ሲበላ አገኘችው።

"ጉብኝት?" አለ እያላመጠ። "ሻጭ ሻይ ሲያምረውም ይጎበኛል። የሚገዛ ሰው ቦታውን ያስለካል። ቦታ ሳያስለካ ውል የፈረመ አንድም ደንበኛ አላጋጠመኝም። ኮምፒውተሩ ላይ ልኬት የሚል አለ፤ እሱን ተመልከቺ።"

"የእትዬን ሆስፒታልስ ለክተኸዋል?"

"ደጁንም አላውቀው።"

እግሯን እየጎተተች ተመለሰች። አሁን ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። "ጉብኝት" የሚለውን ብትተወው እህቷ ትድናለች። "ልኬት" ብላ ብትተካው ብዙ የታችኛው ፎቅ ሰዎች ይድናሉ፤ እትዬ ግን ባዶ እጇን ትቀራለች። አንድ ቃል ነው። ማን ያውቅባታል? ቶሎቶሎ እንኳ አያነበውም።

የባሰውን ሞከረች። ሰይጣን ነው የገፋፋት በሉት፤ "የእትዬ ደንበኞች ሁሉ እርግጠኞች ናቸው" ብላ ጻፈችና ወኪሉን ጠየቀችው። አላመነታም። አልተጠራጠረም። በሚያምር አነጋገር፣ ምክንያት ሁሉ እየደረደረ፣ እትዬ የቤቱ ምሰሶ እንደሆነች አስረዳት። ጸሐፊዋ ፊቷ ጋለ። እጁን ሰጥቷት መንገድ የሚሻገር ሕፃን ያታለለች ያህል አፈረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሚያነባት ሰው ለምና ነበር፤ ይኸው መጣ፤ እሷ ደግሞ መጀመሪያ ያቀረበችለት ውሸት ሆነ። አንባቢዋ የምትለውን ሁሉ የሚቀበል ከሆነ፣ ውሸቷን የሚይዝባት ከራሷ በቀር ማንም የለም ማለት ነው።

ከዚያ ሰረዘችው። "ጉብኝት"ንም ሰረዘች። ጥርሷን ነክሳ እንዲህ ጻፈች፤ "ቦታው ከተለካ ደንበኛው ሕያው ነው። ካልተለካ፣ የቱንም ያህል ቢጎበኝ፣ ሕያው ነውም ሞቷልም አትበል። አላውቅም በል። ሻጩን ራሱን ጠይቁት በል።"

ቶሎቶሎ በኋላ መጥቶ የመጨረሻዋን መስመር አየና "ይቺ ምን ታደርጋለች? አለቃ አላውቅም የሚል ነገር አይወድም" አላት።

"ትቆይ" አለችው። ድምጿ እንዴት እንደወጣ እንጃ፤ ቶሎቶሎ አልተከራከራትም።

የዚያን ዕለት እራት ቀረበ። እትዬ ከወዲያ ማዶ ተቀምጣ ስለ ላይኛው ፎቅ ሰዎች ትቀልዳለች፤ ጸሐፊዋ "ነገ ጉድ ልሠራሽ ነው" ማለት አቅቷት ሹካዋን ታዞራለች። ለወኪሉ አንዲት ነገር ሳትደብቅ የጻፈች ሴት ለገዛ እህቷ አንድ ቃል አልወጣት አለ። ሆድ ይፍጀው ብላ ተኛች።

ሐሙስ ሁሉም የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ ጥያቄውን ጻፈ፤ መልሱ ግድግዳው ላይ እየተንቆረቆረ ወጣ። የላይኛው ፎቅ ብዙ ድርድር አለው፣ ከዚያ ውስጥ የተለካው ግን ጥቂት ነው። የታችኛው ፎቅ ደንበኞች በመጀመሪያ ንግግር ላይ ቢታዩም ብዙዎቹ ቦታቸውን አስለክተዋል፤ ሻጮቹ እርግጠኛ የሆኑበትን ስለማያንቀሳቅሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አጠለቀው። የታችኛው ፎቅ ሰዎች ደግሞ ዓመታት የደበቁት ነገር በግድግዳ ላይ ሲነበብ፣ ሊደሰቱ ወይስ ሊሸሹ ግራ ገብቷቸው መሬት መሬት ያያሉ። ጸሐፊዋ ቃሎቿን አወቀቻቸው። እሷ ብቻዋን ጥግ ላይ ተቀምጣ የጻፈቻቸው ቃላት ያን ያህል ሰው ፊት ቆመው ሲሠሩ ማየት እንግዳ ሆነባት።

ከዚያ የእትዬ ተራ ደረሰ።

"አንድ ደንበኛ፣ ሆስፒታል። ዓመቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ተጎብኝቷል። ቦታው አልተለካም። ሕያው መሆኑን አላውቅም። ሻጯን ራሷን ጠይቋት።"

ጸሐፊዋ ዓይኗን ጨፈነች።

"እሺ እትዬ" አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። "እርስዎን እንጠይቅ እንግዲህ። ሆስፒታሉ ይገዛል?"

እትዬ ተነሳች። የወንበሩን ጀርባ ያዘች።

"አይገዛም" አለች። "መጀመሪያ ቀን ለመሸጥ ነበር የሄድኩት። ስለ ክፍሉ ስፋት ሳስረዳ ሐኪሙ ዓይኑን ከአንገቴ ላይ አልነቅል አለ። 'ማቀዝቀዣውን እንተወውና፣ ይህ እብጠት ከመቼ ጀምሮ ነው?' አለኝ። ከዚያ ወዲህ የምሄደው ለመታከም ነው። የት ዋልሽ ስባል እንዳልዋሽ ሆስፒታል ብዬ አስገባሁ፤ የዋልኩት እዚያ ነዋ። ሌላ ደንበኛ መያዝ አቅቶኛል፣ መድኃኒቱ ያደክመኛል። መቀነስ ካለብኝ ቅር አይለኝም።"

ይህን ብላ ሻሿን ከአንገቷ ላይ ፈታች። የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ገና ቀይ ነበር።

ጸሐፊዋ ጠባሳው ላይ አፈጠጠች። ዓመት ሙሉ አንድ ቤት አድረዋል፣ ከአንድ ትሪ በልተዋል። ሻሿን ፋሽን ነው ብላ አልፋዋለች፣ ድካሟን ዕድሜ ነው ብላ አልፋዋለች፣ ትናንት መወጣጫው ሥር ዝም ስትላት እንኳ ዝምታዋን በገዛ እጇ ተርጉማ ሄዳለች። ገምታለች። እህቷን ከናካቴው የማያውቅ ነገር ግን አልገመተም። "አላውቅም፣ ጠይቋት" አለ። የተናገረው የራሷን ቃል ነው፤ ያንን ቃል ለእሱ ስትጽፍለት ለራሷም እንደሚሆን አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ አላለላትም። ከዚያ ማሽን የበለጠ ያስደነገጣት ይኸው ነው፤ ጠይቆ መስማትን የመሰለ ቀላል ነገር ለገዛ እህቷ መንፈጓ።

ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሩን ከደነው። "ሻጯን ጠይቋት ብሎ የጻፈለት ማነው?" አለ። ቶሎቶሎ በአገጩ ወደ ጸሐፊዋ አመለከተ። ሰውየው አንድ ጊዜ አያትና ዞረ። "ዛሬ ማንንም አልቀንስም። እያንዳንዱን ራሴ አስቀምጬ እጠይቃለሁ። እትዬ፣ እርስዎ ሕክምናዎን ይጨርሱ፤ ወንበርዎን ማንም አይነካውም።" እንዳለውም አደረገ። በኋላ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ እትዬ ግን አልወጣችም።

ሰዉ ከአዳራሹ ሲበተን ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ።

"ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?"

"አልጠየቅሽኝማ" አለች እትዬ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ያ ነው አንጀቷን የበላው።

ጸሐፊዋም እዚያው ቆማ መጠየቅ ጀመረች። የትኛው ቀን ነው የምትሄጂው? ማክሰኞ። ምን ይሰጡሻል? በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት። ያምሻል? እንደ መጀመሪያው አይደለም። ሐኪሙ ምን ይላል? እየጠፋ ነው ይላል። እትዬ እያንዳንዱን በአጭሩ ትመልሳለች፤ በመለሰች ቁጥር ትከሻዋ ትንሽ ይላላል። ጸሐፊዋ አንዱንም አልገመተችም፤ መልሱን እየጠበቀች፣ ሲመጣ እየተቀበለች ቀጠለች።

"መድኃኒቱን ሲሰጡሽ አጠገብሽ ማን ይቀመጣል?" አለቻት።

እትዬ እጇን ዘርግታ የታናሽ እህቷን እጅ ብቻ ያዘች።